ለኤርፖርት ባለሙያዎች በሙያ መጽሔት ማስተዋወቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የማኮብኮቢያ መብራት፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ የሻንጣ መፈተሻ መሣሪያ ወይም የኤርፖርት ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት ገዢዎቹ በጣም ጥቂት ናቸው። እነዚህ ጥቂት ሰዎች የሚያነቧቸው መጽሔቶች አሉ፤ ኤርፖርት ወርልድ፣ ኢንተርናሽናል ኤርፖርት ሪቪው እና ፓሴንጀር ተርሚናል ወርልድ በስፋት ከሚታወቁት መካከል ናቸው። ወኪል አስመጪዎች፣ አማካሪ መሐንዲሶችና የቴክኖሎጂ ድርጅቶች በነዚህ ላይ ማስታወቂያ ስለማውጣት ሲመካከሩ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ ገንዘብ ያስባክናሉ፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ጥሩ ዕቃ ያለው ድርጅት ሳይታወቅ እንዲቀር ያደርጋሉ።

«ሰላምታ ላይ ከወጣ ይበቃል»

ሰላምታ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ መጽሔት ነው። የሚያነበው ተሳፋሪው ነው፤ ለሆቴል፣ ለባንክ፣ ለአስጎብኚ ድርጅት የሚሆን ቦታ ነው። ተርሚናል ውስጥ የሚሰቀለው ትልቅ ሰሌዳም እንዲሁ ተጓዡን የሚያናግር ነው። የሙያ መጽሔት ግን የሚጽፈው ስለ ማኮብኮቢያ ንጣፍ ጥገና፣ ወፎችን ከአውሮፕላን መንገድ ስለማራቅ፣ ስለ ሻንጣ ማመላለሻ ቀበቶ፣ ስለ እሳት ማጥፊያ አረፋ ነው። ተሳፋሪ ይህን አንብቦ አይጨርሰውም። የሚጨርሰው የኤርፖርቱ የጥገና ኃላፊ፣ የእሳትና አደጋ ቡድኑ አለቃ፣ የተርሚናል ኦፕሬሽን ኃላፊው፣ የሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪውና ኤርፖርቱን የሚነድፈው አማካሪ ነው።

«ስርጭቱ ጥቂት ሺህ ነው፤ ፌስቡክ ላይ ሚሊዮን ሰው እናገኛለን»

ሚሊዮኑ ውስጥ የማኮብኮቢያ መብራት የሚገዛ ስንት ሰው አለ? ጥያቄው እሱ ነው።

ብዙዎቹ የሙያ መጽሔቶች የሚሠሩት ቁጥጥር ባለው ስርጭት ነው። መጽሔቱ በነጻ ይላካል፤ የሚላከው ግን ለጠየቀ ሁሉ አይደለም። አንባቢው ቅጽ ይሞላል፦ የት ነው የሚሠራው፣ የሥራ መደቡ ምንድን ነው፣ በግዢ ውሳኔ ላይ ምን ድርሻ አለው። መስፈርቱን የማያሟላ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። አሳታሚው ትርፉን የሚያገኘው ከአስተዋዋቂው ስለሆነ ዋናው ሀብቱ ይህ ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጡ ገለልተኛ ተቋማት አሉ። ቢፒኤ ወርልድዋይድ እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ለዚሁ ሥራ ነው። ኦዲት የተደረገ መጽሔት አንባቢዎቹን በሥራ መደብ፣ በድርጅት ዓይነትና በአገር ከፋፍሎ፣ መረጃውም ከተሰጠ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጭምር ያሳያል። ስለዚህ የማስታወቂያ ሽያጭ ሠራተኛው ደውሎ «በዓለም ዙሪያ ይህን ያህል ሺህ አንባቢ አለን» ሲል፣ ከአፍሪካ ስንት፣ ከኤርፖርት አስተዳደር ስንት፣ ከአማካሪ ድርጅት ስንት እንደሆነ መጠየቅ ነው። ስርጭቱ አሥር ሺህ ሆኖ ከዚያ ውስጥ አፍሪካ ውስጥ ያሉት ሁለት መቶ ብቻ ቢሆኑና እናንተ የምትሸጡት ለአፍሪካ ብቻ ቢሆን፣ የምትከፍሉት ለሁለት መቶ ሰው ነው ማለት ነው። ያም ቢሆን ትክክለኛዎቹ ሁለት መቶ ከሆኑ ሊያዋጣ ይችላል፤ ግን አውቃችሁ ክፈሉ። መልስ የማይሰጥ አሳታሚ ጋ አልሄድም።

«ግዢው በጨረታ ነው፤ ማስታወቂያ ምን ያደርጋል?»

ይህኛው ሰፊ መልስ ይፈልጋል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነውና።

እውነት ነው፣ ኤርፖርት በአብዛኛው ዓለም የሕዝብ ንብረት ነው፤ ግዢውም በጨረታ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበና የቴክኒክ መስፈርቱን ያለፈ ያሸንፋል። ነገር ግን የጨረታው ማስታወቂያ አዲስ ዘመን ላይ ሲወጣ መስፈርቱ አስቀድሞ ተጽፎ አልቋል። ስንት አምፖል፣ በምን ዓይነት ገመድ፣ በምን ዓይነት መቆጣጠሪያ፣ ለስንት ዓመት ዋስትና የሚለው ሁሉ ወራት ወይም ዓመታት ቀድሞ አንድ መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ ተወስኗል። ሰነዱን ገዝታችሁ ስትከፍቱት «የእኛ ዕቃ በዚህ አይገባም» ብላችሁ ታዝናላችሁ። የማብራሪያ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ መስፈርቱ ግን በዚያ ሰዓት ብዙ አይለወጥም።

መሐንዲሱ መስፈርቱን ሲጽፍ ከምን ተነስቶ ነው? ከዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ይነሳል፤ ኤርፖርትን የሚመለከተው አባሪ 14 ነው። ከቀድሞ ፕሮጀክቱ ይነሳል። ሦስተኛው ደግሞ ገበያው ላይ እንዳለ የሚያውቀው ነገር ነው። የማያውቀውን ቴክኖሎጂ መስፈርት ውስጥ አያስገባም፤ ባለሙያ ስለሆነ አደጋ አይጋብዝም። የሙያ መጽሔት የሚደርሰው እዚህ ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው። መሐንዲሱ ስለ አዲሱ መብራት አንድ ጽሑፍ አነበበ፣ አጠገቡ ያለውን ማስታወቂያ አየ፣ ከወራት በኋላ ሌላ እትም ላይ ስሙን ደግሞ አየ። ንድፍ ሲጀምር ለዚያ አምራች ኢሜይል ጽፎ የቴክኒክ ሰነድ ይጠይቃል።

ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ አሉ። በእኔ እምነት ተቃራኒው ነው። በድብቅ ከሚደረግ ግንኙነት ይልቅ ሁሉም በሚያነበው ገጽ ላይ «እንዲህ ያለ ዕቃ አለን፣ እንዲህ ተፈትኗል» ብሎ መናገር ንጹሕ መንገድ ነው። የግዢ ሕጎችም ለዚሁ ጥንቃቄ አላቸው፤ መስፈርት ላይ የንግድ ስም መጥራት ግድ ከሆነ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል እንዲጨመር ይጠይቃሉ። ማስታወቂያው ጨረታ አያሸንፍላችሁም። ጨረታው ውስጥ የምትገቡበት በር ተከፍቶ እንዲጠብቃችሁ ግን ይረዳል።

የቢሾፍቱን አዲስ ኤርፖርት ጉዳይ አስቡት። ኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2024 የማማከርና የዲዛይን ውሉን የፈረመው ዳር አል ሃንዳሳ ከተባለው ዓለም አቀፍ የምሕንድስና አማካሪ ድርጅት ጋር ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የተርሚናሉን፣ የመብራቱንና የሻንጣ ሥርዓቱን መስፈርት የሚያረቁት መሐንዲሶች በተለያዩ ከተሞች የተበተኑ ናቸው። አዲስ አበባ ቢሮ በር ላይ ካታሎግ ይዞ የሚጠብቅ ወኪል አያገኛቸውም። እነሱ የሚያነቡት ገጽ ላይ መገኘት ግን ይቻላል።

«ዋናው ሥራ አስኪያጁ ካየው አለቀ»

አላለቀም። የኤርፖርት ዕቃ ውሳኔ ብዙ እጅ ያልፋል። የእሳት አደጋ መኪናን እንውሰድ። የእሳት ቡድኑ አለቃ ስለ ፍጥነቱና ስለ ውኃ መጠኑ ያስባል። የጥገና ክፍሉ መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃል። ፋይናንስ የውጭ ምንዛሬውን ያሰላል። የግዢ ክፍሉ ሰነዱ መሟላቱን ያያል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ ኤርፖርቱ ከሚያስተናግደው ትልቁ አውሮፕላን ጋር የሚመጣጠን አቅም መኖሩን ያረጋግጣል። ሥራ አስኪያጁ የሚፈርመው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዱ «ይህን ድርጅት አላውቀውም» ካለ ፋይሉ ይቆማል። መጽሔቱ ለአንድ ሰው የሚላክ ቢሆንም ቢሮ ውስጥ ሲዟዟር ለብዙ ሰው መድረሱ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

«አንዴ አውጥተን እንሞክረው»

የመሳፈሪያ ድልድይ ወይም የሻንጣ ማመላለሻ የገዛ ኤርፖርት ለረጅም ዓመታት ሌላ አይገዛም። የቦሌ ተርሚናል ማስፋፊያ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ተመርቆ የኤርፖርቱ አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ሲደርስ፣ የዚያ ሥራ ግዢዎች የተወሰኑት ቀደም ባሉት ዓመታት ነበር። ማስታወቂያችሁ በወጣበት ወር ከአንባቢዎቹ ስንቱ ግዢ ላይ ናቸው? ጥቂቶች። ሌሎቹ በሚቀጥለው ዓመት፣ ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ናቸው። አንድ ሙሉ ገጽ አውጥቶ ስልክ መጠበቅ ተስፋ አስቆራጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። በጀቱ ትንሽ ከሆነ ከአንድ ሙሉ ገጽ ይልቅ በዓመቱ ውስጥ የሚደጋገሙ ሩብ ገጾችን እመርጣለሁ። አሳታሚዎችም ለተደጋጋሚ ማስታወቂያ ቅናሽ ያደርጋሉ፤ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ዋጋ ድርድር የሚጀመርበት ነው።

«ማስታወቂያው ስለ ድርጅታችን ሁሉን ነገር ይናገር»

እንዲህ የሚል ረቂቅ ይመጣል፦ «በዘርፉ የካበተ ልምድ ያለን፣ ጥራትና አስተማማኝነትን መርሐችን ያደረግን፣ ለኤርፖርቶች ሁሉ ዘመናዊ መፍትሔ የምናቀርብ...» ከታች አሥራ ሁለት የምርት ፎቶ፣ የሕንጻው ፎቶ፣ ሦስት ስልክ ቁጥር። መሐንዲስ ይህን አያነበውም። ስሙን ቆርጣችሁ የተፎካካሪያችሁን ብትለጥፉበት ምንም ስለማይለወጥ ነው።

ባለሙያን ገጹ ላይ የሚያቆመው የእሱን ችግር የነካ ነገር ነው። ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የናፍጣ ሞተር ኃይሉ ይቀንሳል። አውሮፕላን መሬት ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጄኔሬተር፣ ጎታቹ መኪና፣ የእሳት አደጋ መኪናው ሁሉ ይህ ይነካቸዋል። በአባሪ 14 መሠረት የእሳት አደጋ ቡድን በሥራ ላይ ያለ ማኮብኮቢያ ማንኛውም ነጥብ ላይ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መድረስ አለበት፤ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ደግሞ ይመከራል። አሁን ሌላ ረቂቅ እንጻፍ፦ አንድ መኪና በፎቶ፣ ከላዩ «በ2,300 ሜትር ከፍታ፣ ሙሉ ውኃ ጭኖ» የሚል፣ ከሥሩ በዚያ ከፍታ በፈተና የተመዘገበው ፍጥነት፣ የፈተና ሪፖርቱን የሚጠይቁበት አንድ አድራሻ። በቃ። የአዲስ አበባው፣ የናይሮቢው፣ የላ ፓዙ እሳት አለቃ ገጹን ሳይገለብጥ ይቆማል። የፈተና ውጤቱ ከሌለ ግን እንዳትጽፉት፤ እነዚህ አንባቢዎች ቁጥር ያጣራሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይተዋወቃሉ።

ቋንቋውም ይታሰብበት። ዓለም አቀፎቹ መጽሔቶች በእንግሊዝኛ ናቸው። ገጹን የቋንቋው ባለቤት የሆነና ዘርፉን የሚያውቅ ሰው ሳያየው አይላክ።

«ገጽ ከገዛን ስለ እኛም ይጽፉልናል»

ራሱን የሚያከብር መጽሔት አያደርገውም፤ ቢያደርገውም አትደሰቱ። አንባቢ አዘጋጁን ማመን ሲያቆም የከፈላችሁበት ገጽም ዋጋ ያጣል። በክፍያ የሚወጣ ጽሑፍ ካለ «ስፖንሰር የተደረገ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ይህ ነውር አይደለም። በነጻ የሚገባበት ቀና መንገድም አለ። መጽሔቶች የዓመቱን የርዕስ መርሐ ግብር አስቀድመው ያወጣሉ፤ አንዱ እትም ስለ ማኮብኮቢያ፣ ሌላው ስለ ደኅንነት ፍተሻ ይሆናል። መሐንዲሳችሁ በዚያ ርዕስ ላይ ምርት ሳያወድስ ከሥራው ያወቀውን ጽፎ ለአዘጋጁ ቢልክ፣ ጥሩ ከሆነ ይወጣል። ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ የሚታመነውም እሱ ነው።

«ወረቀት አልቆለታል፤ ኢሜይሉ ግን ይለካል»

መጽሔቶቹ አሁን በዲጂታልም ይወጣሉ፤ በኢሜይል የሚልኩት ዜናም ጥሩ ማስታወቂያ ቦታ ነው። «ይለካል» የሚለውን ግን በጥንቃቄ ያዙት። አፕል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ባመጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት በስልኮቹ የሚደርስ ኢሜይል ሰው ባይከፍተውም እንደተከፈተ ሊቆጠር ይችላል። የድርጅቶች የደኅንነት ማጣሪያም ቫይረስ ለመፈተሽ ሊንኩን ራሱ ይጫነዋል። ስለዚህ «ይህን ያህል በመቶ ከፈቱት» የሚል ሪፖርት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እኔ የማምነው መለኪያ ቀላል ነው፦ የቴክኒክ ሰነድ የጠየቁት እነማን ናቸው? የት ነው የሚሠሩት? ለደወለ ሁሉ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?» ብሎ መጠየቅና መመዝገብ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

«ኤግዚቢሽን ከሄድን መጽሔት አያስፈልግም»

ሙኒክ ላይ በየሁለት ዓመቱ፣ ጎዶሎ ቁጥር በሆኑት የፈረንጅ ዓመታት የሚካሄደው ኢንተር ኤርፖርት ዩሮፕ የዘርፉ ትልቅ የዕቃ ትርኢት ነው። ጎብኚው ጊዜው አጭር ስለሆነ የሚያያቸውን አቅራቢዎች ከቤቱ ሳይወጣ ይመርጣል። ከትርኢቱ በፊት የሚወጣው እትም ላይ የዳሳችሁን ቁጥር ይዞ የወጣ ሩብ ገጽ በዚያ ምርጫ ውስጥ ያስገባችኋል። የትርኢቱ እትም ቦታ ቶሎ ይያዛል፤ ማስታወቂያው የሚረከብበት ቀንም መጽሔቱ ከሚወጣበት ሳምንታት ይቀድማል። ስለዚህ የዳሱን ኪራይ በምትፈርሙበት ቀን ገጹንም ጠይቁ።