“አርቲስቷ ቢሮ ገባች” ሲባል የሚወራውና እውነታው

ዓመታትን መሃል ከተማ መድረክ ላይ ያሳለፈች ተዋናይት ጓደኛ አለችኝ። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ባለች አንዲት ከተማ የኪነ ጥበብ ሥራውን እንድትመራ ተመደበች። ወሬው ከተሰማ ጀምሮ የማይባል ነገር የለም።

“መድረኩ አልሆን ሲላት ነው።”

ኧረ ተዉ! አንጋፋው ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት ተስፋዬ ገሠሠ ሀገር ፍቅርንም ብሔራዊ ቲያትርንም በኃላፊነት መርተዋል። መድረኩ እንቢ ብሏቸው ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣና እንከራከር። እሷም ብትሆን ቲያትሯ እየታየ ነው የሄደችው።

“ታዋቂ ስለሆነች ሁሉም በር ይከፈትላታል።”

በሩስ ይከፈታል። ችግሩ ከገቡ በኋላ ነው። የአዳራሹ መጋረጃ ተቀዷል፣ በቀዳዳው ተዋናዮቹ ልብስ ሲቀይሩ ይታያል። ፋይናንስ ቢሮ ስትሄድ “አርቲስት! እስቲ ፎቶ እንነሳ” አሏት። ተነሱ፣ ሻይ ታዘዘ። መጨረሻ ላይ “ፕሮፎርማው ሦስት መሆን አለበት” ተባለች። ሦስት ሱቅ ዞራ ሦስት ፕሮፎርማ አመጣች። አንዱ ማኅተም የለውም ተብሎ ተመለሰ። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እስከዚያ ያልተገዛ ነገር ሐምሌ 1 ላይ እንደገና ሀ ብሎ ይጀመራል። ቃለ ተውኔት ከመሸምደድ የዕቅድ ቅጽ መሙላት እንደሚከብድ ያወቅኩት ከእሷ ነው።

“ሥራው ለበዓል ዘፋኝ መሰብሰብ ነው።”

እሱማ የዓመቱ ጥቂት ቀን ነው። የቀረው ጊዜ አዳራሽ፣ መብራትና የወጣቶች ልምምድ ነው።

“የዳር ሰው ቲያትር አይወድም።”

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። እኔም ራሴ እል ነበር፣ አልዋሽም። ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው ፒያሳ ቲያትር አይቶ ሲወጣ ምን ይዞ ይገባል? ሰውየው የጠላው የታክሲ ሰልፉን እንጂ ቲያትሩን አይደለም። የእሷም የመጀመሪያ ዝግጅት ማታ 12 ሰዓት ነበር የጀመረው። እኩሌታው ላይ ሰው አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ። አዳራሹ ከታክሲ ተራው አጠገብ ነው። አባትየው ሊሞት ሲያጣጥር ከውጭ ረዳቱ “ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው!” ብሎ ጮኸ። ሁለት ሰው ብድግ አለ። ሟቹ ሳይቀር ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

በሳምንቱ ሰዓቱን ወደ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት አመጣችው። ወንበር ጠፋ። እናቶች የተኛ ልጅ ታቅፈው ቆመው አዩ።

“የመሃል ከተማውን ቲያትር ጭኖ ማምጣት ይበቃል።”

አይበቃም። እዚያ ታዳሚው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይስቃል፣ ግን በአንድ ቀልድ አይደለም። የአማርኛውን ቀልድ እንዳለ ከመለስከው ሳቁ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የአካባቢውን ልጆች ራሳቸው እንዲጽፉ ታደርጋለች። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ሌላ መላ የለውም።

“ከእንግዲህ መድረክ ላይ አናያትም።”

ባለፈው እሁድ አያትየዋን የምትጫወተው ልጅ ታማ ቀረች። ልምምዱን በየቀኑ ስታይ ቃሉን ይዛው ስለነበር፣ ሻሽ አስራ እሷው ገባች። ሰኞ ጠዋት የፋይናንስ ኃላፊው መተላለፊያው ላይ አገኟት።

“አርቲስት፣ ትናንት የሠራሽው በየትኛው የሥራ መደብ ነው?”