«ንጹሕ ከሆንክ ምን ያስፈራሃል?»፦ ስለ ፖሊስ ፍተሻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሞኑን አመሻሽ ላይ ሀዋሳ ውስጥ ከፒያሳ ወደ አቶቴ በባጃጅ ስሄድ ሁለት ፖሊሶች አስቆሙን። አጠገቤ የነበረው ልጅ ብቻ ውረድ ተባለ። ፀጉሩን አሳድጎ ጠቅልሎ ያሰረ ነው። ቦርሳው ተገለበጠ፦ ቻርጀር፣ ደብተር፣ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ። «በል ሂድ» አሉት። ለምን እንደፈተሹት አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። እኛ ግን እስክንወርድ ድረስ ስንከራከር ነበር።

«ንጹሕ ከሆንክ ምን ያስፈራሃል?»

ይህን ያለው ሹፌሩ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ግን ሰውን ንጹሕና ጥፋተኛ ብሎ አይለይም። ማንኛውም ሰው አካሉ፣ ቤቱና ንብረቱ ከመመርመር የተጠበቀ ነው። መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ለዚያ የወጣ ዝርዝር ሕግ ሲኖር ነው። ስለዚህ ምክንያት ማቅረብ ያለበት ፈታሹ እንጂ ተፈታሹ አይደለም።

«ፖሊስ የጠረጠረውን ሁሉ ይፈትሻል»

ጥርጣሬም ዓይነት አለው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 የተያዘ ሰው እንኳ የሚፈተሸው ማስረጃ የሚሆን ነገር ይዟል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲጠረጠር ነው ይላል። ለተያዘ ሰው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ዳቦ ገዝቶ ወደ ቤቱ ለሚሄደውማ?

መናኸሪያ አካባቢ አሁን ቦርሳ ተነጥቆ፣ የነጣቂው ልብስ ተነግሮ፣ ያንን የለበሰ ሰው ቢቆም ምክንያት አለ። የፀጉር አሠራር ግን ምክንያት አይሆንም። ችግሩ ሕጋችን መንገድ ላይ ስለሚደረግ ፍተሻ በዝርዝር አለመናገሩ ነው። እንግሊዝ አገር ፖሊሱ ከመፈተሹ በፊት ስሙን፣ ጣቢያውን፣ ምን እንደሚፈልግና ለምን እንደጠረጠረ ይናገራል፤ ፍተሻውም ይመዘገባል። እዚያም ጥቁሮች ከነጮች በብዙ እጥፍ ይፈተሻሉ። ግን መዝገቡ ስላለ አድልዎው በቁጥር ይታያል። የባጃጁ ልጅ ፍተሻ የትም አልተጻፈም።

«ሴት ፖሊስ ከሌለች ወንዱ ይፈትሻል»

አይፈትሽም። ያው አንቀጽ 32 ፈታሹ ከተፈታሹ ጋር አንድ ፆታ እንዲሆን ያዛል።

«ኪስ ከተፈተሸ ስልክም ይከፈታል»

ወጣቶች ዛሬ በጣም የሚሳቀቁት በዚህ ነው። ኪስ መዳበስና ቴሌግራም ማንበብ ለየቅል ናቸው። አንቀጽ 26 ደብዳቤን፣ የስልክ ንግግርንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን በስም ጠቅሶ ይጠብቃል። «ፓስወርድህን አስገባ» ስለተባለ ብቻ ሕግ ሆነ ማለት አይደለም።

«ፖሊስ ቤት ለመግባት ማዘዣ አያስፈልገውም»

ያስፈልገዋል። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ይጠቅሳል፤ ፍርድ ቤት ለይቶ ካልፈቀደ ብርበራው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ያለ ማዘዣ የሚገባው ወንጀለኛን እግር በእግር ሲከታተል፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ማዘዣ እስኪመጣ ሊሸሽ እንደሚችል በቂ እምነት ሲኖረው ነው። የተወሰደው ዕቃም በዝርዝር ይጻፋል፤ ከተቻለ ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል።

«ለምን ብሎ መጠየቅ እምቢ ማለት ነው»

ከኋላ የተቀመጡት እናት «ዝም ይሻላል ልጄ» አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን እጅ መግፋትና መሮጥ ሌላ፣ «ወንድሜ፣ ምን ፈልጋችሁ ነው?» ማለት ሌላ። ጉዳዩ ወደ እስር ከሄደማ ምክንያቱ በሚገባን ቋንቋ ሊነገረን ይገባል። አማርኛ የማይሰማ ሰው በሲዳምኛ ይነገረው ማለት ነው። የታሰረ ሰውም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደዚያ ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ ብቻ አይቆጠርም።

«ብትከስም ማን ይሰማሃል?»

ይህንን እኔም ብያለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ብዬም አልከራከርም። ግን በሩ አንድ አይደለም። የጣቢያው ኃላፊ አለ፣ ዐቃቤ ሕግ አለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም እዚሁ ሀዋሳ ጽሕፈት ቤት አለው። የያዘውን ሰው የሚያስፈራራ ወይም የሚያንገላታ ሹም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ይጠየቃል። በባዶ እጅ ግን አይኬድም፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የፖሊሱን መለያ ቁጥርና አብሯችሁ የነበረውን ሰው ስልክ ያዙ። እኔ የባጃጁን ታርጋ እንኳ አላየሁም።