በምንጠላው ጦር ላይም በፍትሕ እንመስክር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ውድ እህትና ወንድሞች።

የኢራቅ ጦርነት ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ አዳማ ላይ ግን ገና ትናንት የተጀመረ ይመስል እንነታረክበታለን። አዲስ ጦርነት በተነሳ ቁጥር የድሮዎቹ ቪዲዮዎች ተቆራርጠው ቴሌግራም ላይ ይመለሳሉ። ከዒሻ በኋላ መስጂድ በር ላይ የሚቆሙ ልጆች ስልክ ተቀባብለው ያያሉ። የፈረሰ ሰፈር፣ የልጁን ሬሳ የታቀፈ አባት፣ መሣሪያ የደገነ ወታደር። ከሥሩ እርግማን። ከዚያ ክርክሩ ይነሳል። "ሁሉም አንድ ናቸው።" "አብሯቸው የተሰለፈው ሙስሊምስ?" "እሱማ ሙናፊቅ (ሙስሊም መስሎ በልቡ ያላመነ) ነው።" በቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ።

ስለ ፖለቲካው የሚጽፍ ሞልቷል። እኔን ያሳሰበኝ አፋችን ነው። ሙእሚን ስለ ጦርነትና ስለ ወታደር ሲናገር፣ ነገ አላህ ፊት የሚጠየቅበት ምስክርነት እየሰጠ መሆኑን ማወቅ አለበት።

አስቀድሜ አቋሜን ልንገራችሁ። ጦርነቱ ግፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 2003 አሜሪካና እንግሊዝ ኢራቅን የወረሩት የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ብለው ነው። መሣሪያው አልተገኘም። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ የላካቸው መርማሪዎች አገሩን ፈትሸው በ2004 ክምችቱ እንደሌለ ጻፉ። ያኔ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን ወረራው ሕገ ወጥ ነው ብለዋል። ቀጥሎ የአሜሪካ ወታደሮች ኢራቅ ውስጥ እስረኞችን ሲያሰቃዩ የሚያሳዩት የአቡ ግሬይብ እስር ቤት ፎቶዎች ወጡ። በ2005 ደግሞ ሀዲሳ በምትባል ከተማ የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች 24 ሲቪሎችን ገደሉ። ሴቶችና ሕፃናት ነበሩባቸው። በዚያ ግድያ ተፈርዶበት እስር ቤት የገባ ወታደር የለም። ይህን ሰምቶ የተናደደ ሙስሊም አይፈረድበትም። ልቡ ያልተነካ ካለ ነው ራሱን መመርመር ያለበት።

እንግዲህ ንዴቱ አለ። አላህ በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ የሚያናግረን እዚያው ንዴታችን ውስጥ ሳለን ነው። ያመናችሁ ሆይ፣ ለአላህ ብላችሁ የቆማችሁ፣ በፍትሕ የምትመሰክሩ ሁኑ ይላል። ሕዝብን መጥላታችሁ ፍትሕን እንድትተዉ አይገፋፋችሁ፤ ፍትሐዊ ሁኑ፣ ለተቅዋ (አላህን ለመፍራት) የቀረበው እሱ ነው ይላል። ወዳጅ ላይ ፍትሐዊ መሆን ማንም ይችላል። ፈተናው ያለው ከጠላት ጋር ነው።

አሁን ወደ ሲራ፣ ወደ ነቢዩ የሕይወት ታሪክ፣ እንግባ። ጦርነትን በተመለከተ ከዚህ ታሪክ በላይ ቆም ብዬ እንዳስብ የሚያደርገኝ የለም። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኻሊድ ኢብኑል ወሊድን (ረ.ዐ) ወደ በኑ ጀዚማ ጎሳ ላኩት። የተላከው ወደ እስልምና እንዲጠራቸው ነው። ሰዎቹ መስለማቸውን አጥርተው መናገር ተሳናቸው። በሚያውቁት አነጋገር ሃይማኖታችንን ለውጠናል ለማለት ሞከሩ። ኻሊድ አልተቀበላቸውም። የተወሰኑትን ገደለ፣ የቀሩትን ማረከ። ምርኮኞቹን ለጦሩ አከፋፈላቸው። አንድ ቀን ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የያዘውን ምርኮኛ እንዲገድል አዘዘ።

ከጦሩ መካከል አብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ነበር። ገና ወጣት ነው። "ወላሂ ምርኮኛዬን አልገድልም፤ ከጓደኞቼም አንድም ሰው ምርኮኛውን አይገድልም" አለ። አስቡት። ትእዛዙን የሰጠው ኻሊድ ነው። ወሬው ነቢዩ ዘንድ ሲደርስ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። "አላህ ሆይ፣ ኻሊድ ከሠራው ሥራ ወደ አንተ እጠራለሁ" አሉ። ሁለት ጊዜ ደገሙት። ይህ በቡኻሪ የሐዲስ መጽሐፍ የተዘገበ ነው።

የሲራ ጸሐፊዎች ደግሞ ቀጥሎ የሆነውን ይነግሩናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓሊን (ረ.ዐ) ገንዘብ አስይዘው ወደ ጎሳው ላኩት። ዓሊ ለተገደሉት ሁሉ የደም ካሳ ከፈለ። ለጠፋው ንብረትም ከፈለ። ውሻ ውሃ የሚጠጣበት ገበቴ እንኳ አልቀረም፣ ተቆጥሮ ተከፈለ። በመጨረሻ ገንዘብ ተረፈው። እኛም እናንተም ያላወቅነው የጠፋ ነገር ካለ በሚል የተረፈውን ጨምሮ ሰጥቷቸው ተመለሰ።

የውሻ ገበቴ! እኔ እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ። ጦሩ የነቢዩ ጦር ነው። አዛዡ የአላህ ሰይፍ ተብሎ የሚታወቀው ኻሊድ ነው። ጠላት ይሰማል፣ ስማችን ይጎድፋል ተብሎ ነገሩ አልተዳፈነም። ሥራው ግፍ መሆኑ በአደባባይ ተነገረ፣ የተበደሉትም ተካሱ። ደግሞም ኻሊድ አልተጣለም። ከዚያ በኋላም የሙስሊሞችን ጦር መርቷል።

እኛስ? የአቡ ግሬይብን ፎቶ ስናይ ደማችን ይፈላል፣ ተገቢ ነው። እዚያው ኢራቅ ውስጥ ግን የሙስሊም ስም የያዙ ሰዎች በባግዳድ ገበያዎች መሃል ቦምብ አፈንድተዋል። ሽንኩርትና ቲማቲም ልትገዛ የወጣች እናት ምን አደረገች? እ.ኤ.አ. ኦገስት 2003 የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ የነበረበት ካናል ሆቴል በቦምብ ሲመታ 22 ሰው ሞተ። በፌብሩዋሪ 2006 ሰማራ ከተማ ያለው የሺዓዎች የአስከሪያ መቅደስ በቦምብ ፈነዳ፣ ከዚያ ሱኒና ሺዓ ተፋጀ። የኢራቅ ሺዓዎች የሃይማኖት መሪ አያቶላህ ሲስታኒ ያኔ ተከታዮቻቸው የሱኒ መስጂዶችን እንዳይነኩ ከልክለዋል። ሺዓ ናቸው ብለን ይህን መልካም ሥራ ልንደብቀው ነው? ሱረቱል ሙጠፊፊን እኮ የሚጀምረው ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሙሉ የሚወስዱትን፣ ለሰው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን "ወየውላቸው" ብሎ ነው። የእህል ተራ ነጋዴ ጣሳ ቢያጎድልብን እንጮሃለን። በሰው ደም ላይ ማጉደል ከዚያ ያንሳል?

ስለ ወታደሩም እንነጋገር። በቡኻሪና ሙስሊም የተዘገበ ሌላ ታሪክ አለ። ነቢዩ አንድ ጦር ላኩ፣ አዛዥም ሾሙለት፣ እንዲታዘዙትም ነገሯቸው። አዛዡ መንገድ ላይ ተናደደ። እንጨት ሰብስቡ አለ፣ ሰበሰቡ። እሳት አንድዱ አለ፣ አነደዱ። ግቡበት አለ። እርስ በርስ ተያዩ። "ወደ ነቢዩ የሸሸነው እኮ ከእሳት ነው" አሉ። እነሱ ሲያመነቱ እሳቱ ጠፋ፣ የሰውየውም ንዴት በረደ። ነቢዩ ሲሰሙ ቢገቡ ኖሮ ከውስጡ እንደማይወጡ ተናገሩ። መታዘዝ በመልካም ነገር ብቻ ነው አሉ። ስለዚህ "ታዝዤ ነው" የሚል ወታደር፣ የየትም አገር ይሁን፣ በእኛ ዲን ምክንያቱ አይያዝለትም።

በተቃራኒው እምቢ ያለውን ደግሞ ማወቅ አለብን። የአቡ ግሬይብ ግፍ እንዴት ተጋለጠ? ጆ ዳርቢ የተባለ እዚያው የሚያገለግል የአሜሪካ ወታደር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2004 ፎቶዎቹ ያሉበትን ሲዲ ለሠራዊቱ የወንጀል መርማሪዎች ሰጠ። ያጋለጣቸው የገዛ ጓደኞቹን ነው። በዚህም ከነቤተሰቡ ለደኅንነቱ ጥበቃ እስኪያስፈልገው ደረሰ። ሙስሊም አይደለም። ግን ለሙስሊም እስረኞች መሰከረ። "ሁሉም አንድ ናቸው" የሚለው ልጅ ይህን ሰው ምን ሊለው ነው? ከወረራው በፊት በፌብሩዋሪ 2003 ለንደንና ሮም ላይ አደባባይ የወጡትን እጅግ ብዙ ሰዎችስ?

ስለ ኀላፊነት አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ያኔ ዋይት ሃውስ ጦርነቱን የሚደግፉ አገሮች ብሎ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ነበረበት። ወታደር አልላክንም፣ ስማችን ግን አለ። እኔን የጠየቀኝ የለም። የአዳማን ባለ ጋሪ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌርም የጠየቀው የለም። ልጇን የቀበረች የባግዳድ እናት ያን ዝርዝር አይታ ኢትዮጵያዊ የተባለን ሁሉ ብትረግም ፍትሕ ነው እንላለን? አላህ ማንም ነፍስ የሌላዋን ኃጢአት አትሸከምም ያለው በሱረቱል አንዓም 164ኛው አንቀጽ ነው፣ በሌሎችም ሱራዎች ደግሞታል። ለእኛ የምንፈልገውን ለሌላውም እንፍቀድ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ልጆቹ "ሙናፊቅ" ያሉት ሙስሊም ወታደርስ? በዚህ ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍጋኒስታን ጦርነት ሊጀመር ሲል ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊና ሌሎች ሰዎች፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያሉ ሙስሊሞች በዘመቻው መሳተፍ እንደሚችሉ የሚገልጽ ፈትዋ ፈረሙ። ከተቻለም ከግንባር ራቅ ያለ ሥራ እንዲጠይቁ መክረዋል። ብዙዎች አጥብቀው ተቃወሙት። በ2003 ደግሞ የአል-አዝሀር የኢስላም ምርምር አካዳሚ ኢራቅ ከተጠቃች ወራሪውን መመከት የእያንዳንዱ ሙስሊም ግዴታ ይሆናል የሚል መግለጫ አወጣ። እኔ እዚህ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። ልቤ ግን በግፍ ጦርነት ውስጥ መግባት አይፈቀድም ወደሚሉት ያደላል። ሙሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1967 ለቬትናም ዘመቻ አልመለመልም ሲል ቀበቶውን ተነጥቋል፣ ከቦክስ መድረክም ለዓመታት ታግዷል። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጻ እስኪለው ድረስ በአቋሙ ጸና። ይህን አርአያ ለልጆቻችን ማስተማር ደስ ይለኛል።

የዚያው አገር ልጅ ደግሞ ሁማዩን ኻን ነበር። ሙስሊም ነው፣ ከፓኪስታናውያን ወላጆች የተወለደ፣ የአሜሪካ ጦር ካፒቴን። በጁን 2004 ባቁባ ላይ አንድ የሚያጠራጥር ታክሲ ወደ ካምፑ መጣ። ወታደሮቹን ወደ ኋላ በሉ ብሎ ራሱ ወደ መኪናው ሄደ። ፈነዳበት፣ ሞተ። የተሰለፈበትን ጦርነት እቃወማለሁ። ስለ ልቡ ግን ምን አውቃለሁ? ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) በውጊያ ላይ "ላ ኢላሀ ኢለላህ" ያለን ሰው ገደለ። "መሣሪያውን ፈርቶ ነው ያለው" ብሎ ለነቢዩ ሲነግር "ልቡን ሰንጥቀህ አየህን?" አሉት። ኡሳማ ያን ቀን ገና የሰለምኩ ቢሆን ኖሮ ብሎ እስኪመኝ ደጋገሙበት።

"ታዲያ እንዲህ ያለው ሲሞት ይሰገድበታል?" ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። የኸይበርን ነገር ነገርኩት። ከነቢዩ ጋር የዘመተ ሰው ሞተ። "በጓደኛችሁ ላይ ስገዱ" አሉ፣ ራሳቸው ግን አልሰገዱበትም። የሰዎቹ ፊት ተለዋወጠ። ከምርኮው ሰርቋል አሏቸው። ዕቃውን ሲፈትሹ ሁለት ዲርሃም የማያወጣ ዶቃ ተገኘ። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ጥፋቱ በስሙ ተጠራ። ጀናዛው ግን ተሰገደበት።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2006 መጨረሻ እስከ 2009 መጀመሪያ የእኛ አገር ጦር ሶማሊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014ም በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ሥር ዘምቷል። ከዘማቾቹ ውስጥ ሙስሊሞች ነበሩ። እናቶቻቸው በእኛ መስጂዶች ሶፍ ውስጥ ይቆማሉ። ሞቃዲሾ ያለው ወንድማችን ስለዚያ ጦር የሚያስበው እኛ ስለ ኢራቁ ጦር እንደምናስበው ሊሆን ይችላል። ቪዲዮ ሥር ሙናፊቅ ብለን የጻፍነውን አጠገባችን የቆመችው እናት ልታነበው እንደምትችልም አንርሳ።

የመጨረሻው ስለ ቁኑት፣ በሰላት ውስጥ ቆመን ስለምናደርገው ዱዓ፣ ነው። ኡሁድ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸው ቆስሎ ደማቸው ፈሰሰ። ከቁረይሽ መሪዎች የሰፍዋን ኢብኑ ኡመያን፣ የሱሃይል ኢብኑ ዐምርን፣ የሓሪስ ኢብኑ ሂሻምን ስም እየጠሩ በሰላት ውስጥ ዱዓ አደረጉባቸው። ያኔ የአሊ ዒምራን 128ኛው አንቀጽ ወረደ፤ ከነገሩ ለአንተ ምንም የለህም፣ አላህ በእነሱ ላይ ይመለሳል ወይም ይቀጣቸዋል የሚለው። ሦስቱም በኋላ ሰለሙ። ነቢዩ በሞቱ ጊዜ የመካ ሰው ሲወላውል ተነስቶ ያረጋጋው ሱሃይል ነው።

እኔ ከዚያ አንቀጽ በኋላ በቁኑት የወታደር ስም መጥራት ትቻለሁ። በኢራቅ፣ በፍልስጤም፣ በሱዳን ለተበደሉት እለምናለሁ። የበዳይ እጅ እንዲያዝም እለምናለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለባለቤቱ እተዋለሁ። በመጪው ረመዳን ተራዊሕ የምታሰግዱ ወንድሞችም በዚሁ ላይ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።