«ቦሩ» ስንል የትኛውን ነው?

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ቆማችሁ በኦሮምኛ «ቦሩ» ለማለት ሞክሩ። አናባቢዎቹ ካጠሩ «ነገ» ነው፤ ከተሳቡ «ድፍርስ»። ለብዙ አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

ጆሯችን ተበላሽቶ አይደለም! አማርኛ ሰባት አናባቢ ቢኖረውም በርዝመታቸው ትርጉም አይለይም። እኛ የምንቆጥረው የተነባቢን መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል»። ጆሮ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቋንቋው ትርጉም የማይለውጠውን ልዩነት ችላ ማለት ይለምዳል።

ኦሮምኛ ደግሞ አምስት አናባቢ ነው ያለው፤ «እ» የለበትም። አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰው «እንጀራ»ን «ኢንጀራ» ቢል አትሳቁ፤ ቅርብ ያገኘው «ኢ»ን ነው። እኛስ የእንግሊዝኛውን በግና መርከብ ሁለቱንም «ሺፕ» እንል የለ?