መገጣጠሚያ ምንድን ነው? ከዶሮ ብልት እስከ እስክስታ

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። አክስቴ ዶሮዋን ትሪ ላይ አጋድማ ቢላዋውን ሰጠችኝ። ታፋውን ከቅልጥሙ ለመለየት አጥንቱን መከትከት ጀመርኩ። «ተው እንጂ! አጥንት አይሰበርም፤ መገጣጠሚያውን ፈልገው» አለችኝ። እግሩን ይዛ አጠፍ ዘርጋ አደረገችው። የሚታጠፍበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳበሰችና የቢላዋውን ጫፍ እዚያ አሳረፈች። ያለ ምንም ትግል ገባ። የተለያዩት አጥንቶች ጫፋቸው ነጭ፣ የሚያብረቀርቅና የሚያሟልጭ ነበር።

የዶሮ ጉልበት ያ ነው። የእኛም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

መገጣጠሚያ ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። «የሚገናኙበት» እንጂ «የሚታጠፉበት» አላልኩም። ፈጽሞ የማይታጠፉም አሉና። ጭንቅላታችሁን ዳብሱት። አንድ ወጥ አጥንት ይመስላል፤ ግን ብዙ አጥንቶች ጥርስ ለጥርስ ተናክሰው በጠንካራ ክር መሰል ጭረት የተሰፉበት ነው። የሕፃን እርግብግቢት ይህ ስፌት ገና ያልገጠመበት ክፍተት ነው። በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ራስ እንዲጠብ ያግዛል። ከፊት ያለው ትልቁ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ 2 ዓመት ሳይሞላው ይዘጋል።

ሁለተኛው ዓይነት ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። አጥንቶቹን የሚያያይዛቸው ልም አጥንት ነው። «ዲስክ አለብኝ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። ዲስክማ ሁላችንም አለን። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል 23 ትራሶች ተደርድረዋል፤ ችግሩ ሲያብጡ ወይም ሲሾልኩ ነው። ቀን ቆመን ስንውል ውኃቸው በክብደታችን እየተጨመቀ ይወጣል፤ ሌሊት ስንተኛ ይመለሳል። ስለዚህ ጠዋት ከማታው ይልቅ ወደ 1 ሴንቲሜትር ገደማ እንረዝማለን።

አክስቴ በቢላዋ ያገኘችው ሦስተኛው ነው። ሐኪሞች ሲኖቪያል ይሉታል፤ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሰው ይህ ነው። የአጥንቶቹ ጫፍ በለስላሳ ልም አጥንት ተሸፍኗል። ዙሪያውን እንደ ከረጢት የሚዘጋው ሽፋን አለ። ከረጢቱ ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ፈሳሽ አለ። ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። አጥንትን ከአጥንት ደግሞ ጅማት ያስራል።

የሚገርመኝ ግን የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ያ ነጭ ልም አጥንት ነው። የደም ሥርም ነርቭም የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከፈሳሹ ነው፤ ስንራመድ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ሲለቀቅ ፈሳሹን ይመጥጣል። ደም ስለማይደርሰው ከተጎዳ በቀላሉ አይጠገንም። ነርቭ ስለሌለው ደግሞ ቀስ በቀስ ሲያልቅ ራሱ «አመመኝ» አይልም። ሕመሙ የሚመጣው በዙሪያው ያሉት ሲቆጡ ነው።

ሲኖቪያሎቹ በቅርጻቸው ስድስት ዓይነት ናቸው፤ ሁሉንም አልዘረዝርም። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። አንገት ላይ የመጀመሪያው አከርካሪ በሁለተኛው ዘንግ ላይ ይዞራል፤ ራሳችንን ነቅንቀን «አይሆንም» የምንለው በዋናነት በእሱ ነው። «አዎ» የሚለው ንቅናቄ ከእሱ በላይ ካለው፣ የራስ ቅሉ ከተቀመጠበት መገጣጠሚያ ይጀምራል። (እኛ አገር ግን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ካደረግን «አዎ» ብለናል፤ መገጣጠሚያም አያስፈልግ።) የአውራ ጣት ሥር ኮርቻ ይመስላል። ጣቱ ዞሮ ሌሎቹን የሚነካው፣ ጉርሻም የሚጠቀለለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳሌና ትከሻ ሁለቱም ኳስ በጎድጓዳ ናቸው። የዳሌው ጎድጓዳ ሲኒ ነው፤ የትከሻው የሲኒ ማስቀመጫ። ዳሌ ክብደት ይሸከማል፣ በቀላሉም አይወልቅም። ትከሻ ወደ ፈለገበት ይዞራል፤ ዋጋው ደግሞ ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ ቶሎ መውለቁ ነው። ከወለቀ ጎትቶ ለመመለስ አትቸኩሉ። አብሮ የተሰበረ አጥንት ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ ራጅ ይታይ።

እስክስታን ግን ኳሱ ብቻውን አይመታውም። ጣታችሁን ከጉሮሯችሁ ሥር፣ አግዳሚው አጥንት ደረት ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አድርጉና ትከሻችሁን ስበቁ። ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። ክንድንና ትከሻን ከተቀረው አጽም ጋር የሚያገናኘው የአጥንት መገጣጠሚያ በየጎኑ ይህ አንድ ብቻ ነው። ከኋላ ያለው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት በጡንቻ ተይዞ ጎድን ላይ ይንሸራተታል። ያ ልቅነት ባይኖር ትከሻ ስበቃ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ጣት ማጮህስ? የሚጮኸው አጥንት ከአጥንት ተጋጭቶ አይደለም። መገጣጠሚያው ሲለጠጥ ግፊቱ ይቀንስና ፈሳሹ ውስጥ የጋዝ አረፋ ይፈጠራል። ያንኑ ጣት ወዲያው ደግማችሁ ማጮህ የማትችሉት አረፋው ተመልሶ እስኪሟሟ 20 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ ነው። ዶናልድ ኡንገር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በልጅነቱ እናቱና አክስቶቹ «በኋላ መገጣጠሚያህን ያምሃል» እያሉ ያስፈራሩት ነበር። እሱም ለ50 ዓመታት የግራ እጁን ጣቶች ብቻ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ አጮኸ። ውጤቱን በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳተመ፤ ሁለቱም እጆቹ ጤነኛ ነበሩ። በ2009 ኢግ ኖቤል የተባለውን የቀልድ ሽልማት አገኘበት።

አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ማስረጃ ለማለት ይከብዳል። ለአክስቴ ግን ነገርኳት። «ታዲያ ቀኙን ለምን አላጮኸውም? ፈርቶ ነው» አለችኝ።