ሐረርን ሳይነካ ያለፈው ሐዲድ

ድሬዳዋ በአንድ የመስመር ለውጥ የተወለደች ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ከጅቡቲ የሚነሳው ሐዲድ መጀመሪያ ይገባል የተባለው ሐረር ነበር። ቡናውም ቆዳውም ነጋዴውም ያለው እዚያ ነውና።

ችግሩ ዳገቱ ነው። ቆላው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር ያልፋል። መሃል ላይ የደንገጎ ተራራ አለ። በመኪና የወጣ ሰው ያንን ጠመዝማዛ ያውቀዋል፤ ባቡር እዚያ ላይ ማውጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ስለነበር ተራራውን ትቶ በግርጌው አለፈ። ባቡሩ ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ቦታ በታኅሣሥ 1895 ደረሰ። አዲሱ ሰፈር መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ።

በሐረርና በዘይላ ወደብ መካከል የግመሎች ማረፊያ የነበረችው ጊልዴሳ ግን ንግዷ ቀዘቀዘ። ስለእሷ ብዙ አይወራም፤ መወራት ነበረበት።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እስከዚያ ኩባንያው ከስሮ በሌላ ተተክቷል። ድሬዳዋም ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች። ጭነት እዚህ ይራገፋል፤ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣል። ከተማዋን ያሳደጋት ይህ መቆም ይመስለኛል።

አሠራሯም ይህንኑ ያሳያል። ከዚራ የተባለውን ሰፈር የቀየሰው የባቡር ኩባንያው ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ የሞላበት፣ በጥላው በእግር የሚኬድበት ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ነጋዴዎች ራሳቸው የሠሩት ነው። ጠባብ ነው፣ ይጣመማል፣ ሁሌም ግርግር ነው። ለእኔ የድሬ ልብ እዚያ ነው። መሃል ያለው ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ውሃ ከተራራው እንደሚወርድ እየታወቀ ዳርቻው ላይ ቤት መሠራቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚያው ክረምት በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። ባቡሩ ቢገባበት ኖሮ ግንቡ እንዲህ ይቆይ ነበር ለማለት ይከብደኛል።

በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ የከዚራን ጣቢያ ትቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ሌላ ጣቢያ ሠርቷል። ተሳፋሪ አሁን ሻንጣውን ይዞ መጀመሪያ መኪና ይፈልጋል።