ስለ ጌጋርድ ገዳም የሚባለውና እውነታው

አርመን ደርሶ የመጣ ሰው ፎቶ ሲያሳይ ጌጋርድ አይቀርም። ከዋና ከተማዋ ከየሬቫን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአዛት ወንዝ ገደል ውስጥ ያለ ድንቅ ገዳም ነው። ከፎቶው ጋር የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ የተዛነፈ ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ገዳሙ በሙሉ ከዓለት የተፈለፈለ ነው»

አይደለም። ካቶጊኬ የሚባለው ዋናው ቤተ ክርስቲያን በ1215 በተጠረበ ድንጋይ የተገነባ ነው። በስተምዕራቡ ያለው ሰፊ አዳራሽም ግንብ ነው፤ ጀርባውን ብቻ ለተራራው ሰጥቷል። የተፈለፈሉት ተራራው ውስጥ ያሉት ክፍሎች ናቸው። «የአርመን ላሊበላ» የሚሉትም ልብ ይበሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያውን ተቆርጦ ከዓለቱ ተለይቶ ቆሟል። የጌጋርድ ክፍሎች ግን ውስጥ እንጂ ውጭ የላቸውም።

«የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕንፃ ነው»

ትውፊቱ ገዳሙን የመሠረተው በእኛም ስንክሳር የሚታወሰው ጎርጎርዮስ ዘአርማንያ ነው ይላል። ነገር ግን በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአረብ ጦር ዘርፎ አቃጠለው። ዛሬ የምናየው አብዛኛው የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው።

«ከስደት የሸሹ ሰዎች የቆፈሩት መደበቂያ ነው»

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። የሠሪዎቹን ጥበብና ያሠሪዎቹን ሐሳብ አብሮ ይሰርዛል። መነኮሳት በዋሻ መኖራቸው እውነት ነው። ትልልቆቹን ክፍሎች ያስፈለፈሉት ግን ገዳሙን ገዝተው የቤተሰባቸው መቃብር ያደረጉት የልዑል ፕሮሽ ቤተሰብ መሳፍንት ናቸው። ያውም አገሩ በሞንጎሎች ሥር በነበረበት ዘመን! ለመደበቅ ሳይሆን ለመታወስ ነው የሠሩት። በ1283 በተፈለፈለው መቃብር ግድግዳ ላይ የቤተሰቡ ዓርማ ጎልቶ ይታያል፦ በሰንሰለት የታሰሩ ሁለት አንበሶች፣ ከሥራቸውም በግ የያዘ ንስር።

ምንጭ የሚፈልቅበትን የመጀመሪያውን ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የሠራው ጋልዛክ ስሙን እዚያው ቀርጾ ትቷል። በ1288 ደግሞ ለፕሮሽ ልጅ ለፓፓክና ለሚስቱ ለሩዙካን ከላይ ሌላ መቃብር ተፈለፈለ። አራት ዓምዶቹን ያየ ግንበኛ ያቆማቸው ይመስለዋል። ግን ዙሪያቸው ሲፈለፈል የቀሩ፣ ከተራራው ያልተነጠሉ ዓለቶች ናቸው። አንድ ስህተት ዓምዱን ባበላሸው ነበር፤ የተቆረጠ ዓለት መልሶ አይቀጠልም። መዝሙር ሲዘመርበት ድምፁ ረጅም ጊዜ ያስተጋባል፤ ዘማሪዎችም ለዚሁ ሲሉ ይመጡበታል።

«አሁን ሙዚየም ነው»

ዩኔስኮ በ2000 በዓለም ቅርስነት ስለመዘገበው የመጣ ግምት ይመስለኛል። ዛሬም ይቀደስበታል፣ ሕፃናት ይጠመቁበታል።

«የጌታን ጎን የወጋው ጦር እዚያ አለ»

ገዳሙ ስሙን ያገኘው ያ ነው ከሚባለው ጦር ነው፤ ለረጅም ዘመንም እዚያ ተጠብቆ ኖሯል። አሁን ግን ያለው በኤችሚያዚን፣ በአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ ቤተ መዘክር ውስጥ ነው። ጦሩን መሳለም የሚፈልግ ጉዞውን ወደዚያ ያድርግ።